በጎልጎታ ያልጠራሁት ስም

ስሙን ረሳሁት ወይስ መጀመሪያውኑ አልሰማሁትም?

ይህን ራሴን ስጠይቅ ቆይቻለሁ፤ እስካሁንም አላውቀውም። መልሱ የትኛውም ቢሆን አያስመሰግነኝም። ረስቼው ከሆነ አደራ በላ ነኝ። አልሰማሁት ከሆነ ደግሞ አንድ እናት ከአንጀታቸው አውጥተው ጆሮዬ ውስጥ ያስቀመጡትን ቃል እንደ አላፊ ወሬ አሳልፌዋለሁ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ሁለተኛው ይብሳል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው።

ስሙ የአንድ የሞተ ሰው የክርስትና ስም ነው። እናቱ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ሊንደን በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ያከራዩኝ ሴት ናቸው። በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፉ ልጅ ያሳደጉና ቤት የገዙ ሰው ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እኔ ኮሎምበስ የገባሁት በፈረንጆቹ 2020 የካቲት ላይ፣ ዲቪ ደርሶኝ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ቤት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት በሚያንሱ ልጆች ፊት ቆሜ «ሀ ሁ» ስል የሰማሁት ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ አንዴ የያዝኩትን አልለቅም ነበር። የነገሥታቱን ቅደም ተከተል፣ የነቢያቱን አገር፣ ከኢያሪኮ ኢየሩሳሌም የሚያስኬደውን የቀን መንገድ፣ ሁሉን በደብተር እጽፋለሁ፤ ጽፌም አጠናለሁ። ሰው ሲሳሳት አፌን ብይዝም ፊቴ ይናገራል። ስብከት ላይ ቢታንያና ቤተ ሳይዳ ከተደባለቁ ሴቶቹ ወደ ሰባኪው ሳይሆን ወደ እኔ ነበር የሚያዩት። «መዝገቡ» የሚል ስም አወጡልኝ። ቀልድ ነው። ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ እንደሚለኝም ያውቁ ነበር።

የእትዬ ልጅ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ እናቱ ቤት ያድራል። እኔ በመጣሁ በወሩ ከተማው በወረርሽኙ ተዘጋ፤ ሥራም መንጃ ፈቃድም የለኝም። ኢስተን ያለው ትልቁ የገበያ ማዕከል ጭር ብሎ መኪና ማቆሚያው ሜዳ ሆኖ ነበር። እዚያ ወስዶ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ መሪውን እንደ መጽሐፍ አትያዥው። አይነበብም፤ ይዞራል።»

«መመሪያው ላይ ሁለት እጅ ነው የሚለው።»

«መመሪያው እዚህ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ሪላክስ አድርጊ። ባዶ ሜዳ ላይ ማንን ትገጪያለሽ?»

የመብራት ምሰሶ ገጨሁ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወርዶ የተላጠውን ቀለም በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና «በይ እሱንም መመሪያው ላይ ፈልጊው» አለኝ።

በክረምቱ ፈተናውን አለፍኩ። ግሮቭ ሲቲ ካሉት ዌርሃውስ ከሚሏቸው መጋዘኖች በአንዱ ሥራ ያገኘሁ ቀን አድርሶ የመለሰኝም እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ጠበቀኝ።

በጥቅምት ታመመ። ሆስፒታል ከገባ በኋላ እናቱ በስልክ መስኮት ብቻ ነው ያዩት፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ቀብሩ ላይ አሥር ሰው ነበርን፣ አራርቀው ያቆሙን። ካህኑ ፍትሐቱን በጭምብል ውስጥ አደረሱ። ነፋስ ነበር፤ ግማሹ ወደ እኛ አልደረሰም። እትዬ ያንን ቀን ሲያነሡ ስለ ብርዱ ወይም ስለ ሳጥኑ አያወሩም። «ስሙ አልተሰማም» ነው የሚሉት። «ልጄ ስሙ ሳይሰማ ተቀበረ።» አርባው አልተደገሰም፤ መሰብሰብ ክልክል ነበር። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እሳቸው ራሳቸው ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው አልጋ ላይ ነበሩ።

እትዬ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የተመዘገቡት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ከልጃቸው ጋር ሊሄዱ። ጉዞው ተሰርዞ፣ እንደገና ተሰርዞ፣ በ2022 ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ጉልበታቸው ግን እምቢ አለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ መኪናውን እየነዳሁ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ሂጂ።»

«የት?»

«ኢየሩሳሌም ነዋ! ቦታዬን ላንቺ ሰጥቻለሁ። አባንም አስፈቅጃለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«አንቺ እኮ ምን? መጽሐፉን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሄድ ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ነው የምመለሰው። ጸበል አምጪልኝ አልልሽም፤ መቁጠሪያም አልፈልግም። ጎልጎታ ላይ ልጄን ጥሪልኝ። አንድ ጊዜ። ጮክ ብለሽ።»

ያን ጊዜ እሺ ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እሱም ነበረበት። ግን እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር፣ ልቤ የዘለለው ለራሴ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ከሊንደን፣ ከኢስተንና ከግሮቭ ሲቲ ሌላ የማውቀው ቦታ አልነበረኝም። ገሊላን ግን በደብተሬ እየዞርኩ አውቀው ነበር። ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን በስካነር እያነበብኩ፣ በልቤ ከናዝሬት ወደ ቃና እወርድ ነበር።

«ክርስትና ስሙን ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

«አይጻፍም።»

ይህን መጠርጠር ነበረብኝ። ቤተ ክርስቲያን ሌላው ሰው የሙታኑን ስም በብጣሽ ወረቀት ለካህኑ ሲሰጥ፣ እትዬ ግን በዱላቸው ተደግፈው ይሄዱና በካህኑ ጆሮ ይናገራሉ።

«የክርስትና ስም በወረቀት አይዞርም። ወረቀት ይወድቃል። የወደቀውን ማን እንደሚያነሣው አይታወቅም።»

«ከሞተ በኋላ ምን ያደርጉታል፣ እትዬ?»

«ለሞተ ጠላት የለውም ያለሽ ማነው? ይሄም መጽሐፍሽ ላይ አለ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነዳሁ።

«በአፌ እነግርሻለሁ። እንዳትጽፊው ቃል ግቢልኝ። አንቺ እንደሆነ አትረሺም።»

ቃል ገባሁ። ቃሌንም ጠበቅሁ፤ አልጻፍኩትም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጠበቅሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የመሄጃዬ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ቤዝመንት ውስጥ ሻንጣዬን ሳሰናዳ የደረጃው እንጨት ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እትዬ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ያን ደረጃ ወርደው አያውቁም። አሥራ ሦስት መርገጫ አለው። አንዱን እግር ያሳርፋሉ፣ ሌላውን ያመጡና አጠገቡ ያቆማሉ፣ ያርፋሉ። ተነሥቼ መደገፍ ነበረብኝ። «እዚያው ሁኚ» ሲሉኝ እዚያው ሆንኩ። ካልሲዎቼን እየጠቀለልኩ፣ አልጋው ላይ ባስቀመጥኩት ስልክ የኢያሪኮን ካርታ አያለሁ።

አጠገቤ ተቀመጡ፤ አልጋው ረገበ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ስሙን ነገሩኝ። የዝንጅብል ሻይ ጠጥተው ነበር፤ እስትንፋሳቸው ይሸታል። ጥቁሩ ሻርፓቸው ጉንጬን ነካኝ። ካርታው ላይ ከኢያሪኮ ወደ ዮርዳኖስ የሚወስደው መንገድ ቢጫ ነበር። ይህ ሁሉ ዛሬም አለኝ።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት።»

«ልድገምልሽ?»

«ኧረ ያዝኩት፣ እትዬ!»

በድምፄ ውስጥ ትንሽ መሰልቸት ነበረበት። እሱንም አስታውሳለሁ። የማላስታውሰው ስሙን ብቻ ነው።

ከኮሎምበስ ሃያ ሁለት ሆነን ሄድን። በአውቶቡሱ ከአጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። በደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል፤ በየደረስንበት ያወጡትና ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። የሕያዋንም የሙታንም ስም ነው። ቃና ላይ ስሰማቸው በመጨረሻ አንድ የፈረንጅ ስም ጠሩ።

«እሱ ማነው፣ ጋሼ?»

«የድሮ አለቃዬ ነው። ክርስትና ስም ስለሌለው በሥራ ስሙ ጠራሁት። እግዜር ልብ ይስጠው ብዬ።»

«ይወድዎት ነበር?»

«ቢወደኝማ ምን ያስጠራኛል?»

እኔ ደብተሬን ይዤ ነበር። ሦስት ገጽ ጥያቄ ጽፌበታለሁ። ይህ ቃና በእርግጥ ያ ቃና ነው? ሌላም መንደር ቃና ነኝ ይላል ሲባል አንብቤአለሁ። ኢያሪኮ ላይ ያሳዩን ሾላ የዘኬዎስ ሾላ ከሆነ ዕድሜው ስንት ይሆናል? አስጎብኚው ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን እጄን ሳነሣ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ። ዮርዳኖስ ላይ ሁሉም ነጭ ለብሶ ሲገባ እኔ ዳር ቆሜ የወንዙን ስፋት በዓይኔ እለካ ነበር። በልቤ ከነበረው ወንዝ በብዙ ይጠባል። ጋሼ እስከ ደረታቸው ገብተው ወደ ማዶ አዩና «ይቺን ለመሻገር ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈጀባቸው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አርባው ዓመት በምድረ በዳ እንጂ በወንዙ እንዳልሆነ አስረዳሁ።

በዚህ ሁሉ ቀን ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ በልቤ አልጠራሁትም። እዚያ አለ ብዬ ነው። ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በየደረጃው እየዳበሰ አይሄድም።

ጎልጎታ የደረስነው እሑድ ጠዋት ነው። በቤተ መቅደሱ ደጅ ሲገቡ በስተቀኝ በኩል ገደላማ ደረጃ አለ፤ ብዙ እግር መሐሉን ጎድጉዶታል። ላይ ስንወጣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከመንበሩ ሥር ሰው በጉልበቱ ይገባል። እዚያ በብር የተከበበ ቀዳዳ አለ፤ እጅ ሲገባበት ዓለቱ ይነካል። እኔ ለጋሼ ስለ ዓለቱ መሰንጠቅ ያነበብኩትን እያስረዳሁ ቀረብን። እሳቸው ወረቀታቸውን ዘርግተው ገቡና ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩ። የቆመው ጠባቂ ቢያጣድፋቸውም ዞር ብለው አላዩትም። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ተንበረከክሁ። ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ዓለቱ ቀዝቃዛና ልሙጥ ነው። አፌን ከፈትኩ።

ምንም አልመጣም።

መጀመሪያ የመሰለኝ ለቅሶ አፍኖኝ ነው። ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ ገባኝ። እዚያ የነበረ ነገር የለም። «ወልደ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ወልደ ማን? «ኃይለ» ነበር? «ገብረ»? የቅዱሳኑ ስም ሁሉ በአንድ ጊዜ አፌ ላይ ተጋፋ፤ የእሱ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚጠራበትን የዓለም ስሙን ልጠራ እችል ነበር። «የእትዬን ልጅ፣ መንዳት ያስተማረኝን ሰው አስብልኝ» ማለት እችል ነበር። ዛሬ ሳስበው ያም ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልመጣልኝም። ያሰብኩት «ስሙን በትክክል መጥራት አለብኝ» የሚለውን ብቻ ነው። በትክክል መጥራት ካልቻልኩ ዝም። ጠባቂው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ ወጣሁ።

ዞሬ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አልጋው ሲረግብ፣ የዝንጅብሉ ሽታ፣ ቢጫው መንገድ ይመጣልኛል። ሁለተኛ ስንበረከክ ከመጀመሪያውም ባሰ።

«ሁለቴ ገባሽ?» አሉኝ ጋሼ ታች ስንገናኝ። «ጠራሽላቸው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

የሚያሳፍረኝ ግን እሱ አይደለም። ሰው ይረሳል። የሚያሳፍረኝ ማምሻውን የሆነው ነው። ሆቴሉ መግቢያ ላይ እራት እየጠበቅን እትዬ በቪዲዮ ኮል አደረጉኝ። ኮሎምበስ ቀትር ነው፤ ከቅዳሴ ወጥተው አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ከጀርባቸው ሴቶቹ ተደራርበው ስልኩ ውስጥ ገብተዋል። «መዝገባችን! መዝገባችን!» ይላሉ። እትዬ ፊታቸውን ከስክሪኑ ጋር አጣብቀው ግንባራቸው ብቻ ይታየኛል።

«ጠራሽልኝ?»

«ስሙን ይድገሙልኝ» ማለት ነበር። ሁለት ቃል ነው። በማግስቱ ሙሉ ቀን ነፃ ነበርን፤ አውሮፕላናችን የሚነሣው ማታ ነው። ከሆቴሉ እስከ ጎልጎታ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ሴቶቹ ሁሉ እያዩኝ ነበር፤ ጋሼም ከጎኔ። እኔ፣ ሰው ሲሳሳት ፊቴ የሚናገረው፣ አንድ ስም መያዝ አቃተኝ ልል ነው?

«ጠራሁት፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ።»

ሁለት ጊዜ ብዬ ጨመርኩ።

ግንባራቸው ከስክሪኑ ጠፋ። የአዳራሹ ጣሪያ ብቻ ታየኝ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት የት ሄድኩ? ወደ መጠመቂያው። የሚያወርደው ሰው አጥቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ የተፈወሰበትን ቦታ ማየት ከልጅነት እስከ እውቀት ምኞቴ ነበር፤ የቡድኑ መርሐ ግብር ውስጥ አልነበረም። ብቻዬን ሄጄ አምስቱ መመላለሻ በየት በኩል እንደነበረ ስቆጥር፣ ጥልቀቱን በእርምጃ ስገምት፣ ደብተሬ ላይ ስዕሉን ስስል እስከ ቀትር ቆየሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

ቤት ስደርስ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ «የትኛው እጅሽ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«ዓለቱን የነካው።»

ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። በሁለት እጃቸው ይዘው ገለበጡትና መዳፌን ሳሙት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ እንደገና ሳሙት።

«ስትጠሪው ምን ተሰማሽ?»

«ቀለለኝ» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ! በዚያ ሰዓት እኔንም ቀሎኛል።»

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። እትዬ ሁለት ዓመት ሊሞላ የቀረበውን ጥቁር አወለቁ። የልጃቸውን ክፍል መጋረጃ ገለጡ። ቴሌቪዥን ላይ የሆነ ሰው ሲወድቅ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ እኔ ታች፣ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ ያን ሳቅ እንደ ክስ አዳምጠው ነበር። እሑድ እሑድ እጄን ይዘው ለሴቶቹ ያሳያሉ፦ «ይቺ እጅ ናት።» ሴቶቹም ይስማሉ። ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ መክተት ለመድኩ።

ስሙን በስርቆሽ ልይዘው ሞከርኩ። ካገኘሁት የሚቀጥለው ተሳላሚ በምስጢር ይጠራልኛል፣ ውሸቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል ብዬ። እትዬ በካህኑ ጆሮ ሲናገሩ ሁለት እርምጃ ላይ ጫማዬን የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ። የሰማሁት የጭምብላቸውን መንሿሿት ነው። ካህኑ ስሞቹን ሲያደርሱ ፊት ሄጄ ቆምኩ፤ እሳቸው ግን አርባ ያህል ስም በአንድ ትንፋሽ፣ በግዕዙ መሐል፣ እንደ ጅረት ያሳልፉታል። ስድስት ስም ያዝኩ። ከስድስቱ የትኛው እንደሆነ ማን ይንገረኝ? እናቱን መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረው። ያን ማድረግ ግን እንደ ሞት ሆነብኝ።

መስከረም ገባ። የጥቅምቱ ሙት ዓመት ሲደርስ እትዬ ትልቅ ተዝካር ሊያወጡ ከድሮም ያሰቡት ነበር፦ ፍትሐቱ እንደገና ሰው በተሰበሰበበት ሊደረስ፣ ስሙ በአዳራሹ ሙሉ ሊሰማ፣ የቀረው አርባ ሊካስ። አዳራሹ ተጠይቋል፣ ድስቶቹ ከማኅበሩ ተይዘዋል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጥ ቤት ውስጥ እኔ ሰላጣ ስከትፍ እሳቸው ስልክ ላይ ነበሩ።

«አይ፣ ትቼዋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። «ለአባም ዛሬ ነግሬያቸዋለሁ። ጎልጎታ ላይ የተጠራ ነፍስ ምን ይጎድለዋል? እኔ እዚህ ሦስት ድስት ብጥድ ከዚያ ይበልጣል?»

ስልኩን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ደስ ብሏቸው ነበር። ደክመው ነበር፤ ጉልበታቸው ያን ድግስ እንደማይችለው ያውቃሉ፤ የተገላገሉ መሰሉ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ተዝካሩን አይተዉት።»

«ለምን?»

«አልጠራሁትም።»

አልገባቸውም። ፈገግ እንዳሉ ያዩኛል።

«ጎልጎታ ላይ። ስሙ ጠፋኝ። አልጠራሁትም።»

ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን መጠየቅ ጀመሩ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ።

«ዓለቱን ነክተሻል?»

«ነክቻለሁ።»

«እጅሽ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«አፍሽ ግን ዝም።»

«ዝም።»

«እኔ የደወልኩልሽ ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ።»

«በኋላ።» ቃሉን አፋቸው ውስጥ አቆዩት። «ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን ነበርሽ?»

«አንድ ቀን።»

«ሙሉ ቀን?»

«አዎ።»

«የት ዋልሽ?»

«መጠመቂያው ጋ። በሽተኛው የተፈወሰበት።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ላየው።»

«ውኃ አለው?»

«ታች ትንሽ አለ። አረንጓዴ ሆኗል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣታቸው ያለሰልሱ ነበር።

«ልድገምልሽ ብዬሽ ነበር» አሉ።

«ብለውኛል።»

«ኧረ ያዝኩት አልሽኝ።»

«እትዬ፣ ይቅር…»

«ቆይ።» እጃቸውን አነሡ። «አሁን አይደለም።»

ስልኩን አንሥተው ደወሉ። ለካህኑ እንደሆነ ከሰላምታቸው ገባኝ። ያለሁበት ቆሜ ቀረሁ፤ እንድወጣም እንድቀመጥም አልነገሩኝም።

«አባ፣ ይባርኩኝ። ያ ነገር አልቀረም። … አዎ፣ በጥቅምት፣ እንደ ድሮው። … አይ፣ ማንም ምንም አላለኝም፤ ሐሳቤን ቀይሬ ነው።» ወደ እኔ አላዩም። «ፍትሐቱም ይደረስልኝ። ጮክ ብለው። … ማን? የልጄ? ረሱት እንዴ፣ አባ?»

ጥቂት አዳመጡ። ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ኧረ ምን ችግር አለው! የስንቱን ስም ይይዛሉ። እደግምልዎታለሁ።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ዱላቸውን ያዙ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።